ፀሐይን የቆለፈችው ሰዓዲያ

ቡርቃ ሌንጫ ላይ ውኃ ይቀዳ የነበረው በሰዓዲያ ፈቃድ ነበር። ከተማዋ ከመቻራ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ የቡና መኪና እየተንገዳገደ የሚደርስባት ትንሽ ቦታ ናት። አንድ ቦኖ ነበራት፤ ቦኖው አንድ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ ሰዓዲያ አንገት ላይ፣ ከሻሿ ሥር ነበር። ሲነጋ ትመጣለች፣ የጄሪካኑን ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየዋለች፣ ከዚያ ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ ትናገራለች። ይግባኝ የለም። ጄሪካኑን አትረፍርፎ መሬት ያረጠበ ሰው በማግስቱ ከሰልፉ ጅራት ይጀምራል።

አንድ ጊዜ የሰርግ ቤት ሰዎች በርሜል እያንከባለሉ መጡ።

«ስንት ሰው ጠራችሁ?» አለቻቸው።

ነገሯት።

«ግማሹ ይቀራል» ብላ በርሜሉን በግማሽ ሸኘችው። ሰርጉ ተሰረገ፤ ሙሽሪትም ወልዳ ከብዳለች። እስከ ዛሬ ግን መንገድ ላይ ሰዓዲያን ስታገኝ ሰላምታዋ ግማሽ ነው።

ክፉ ሆና አይደለም። ባሏ ኢርሻድ ከመቻራ ገለምሶ ቡና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ውኃ ጠጥቶ የተረፈውን በበሩ ወደ ውጭ ቸፍ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ «አንተ ሰውዬ፣ ደመና አደረግከኝ እንዴ!» እያለች ትጨቃጨቀው ነበር። አንድ ክረምት መንገዱ ከነመኪናው ወሰደው። ቁልፉን የሰጧት ያኔ ነው፤ በለጋነቷ ባሏ ለሞተባት ሴት መተዳደሪያ ይሁናት ብለው። ሰው አዝኖ የሰጣትን እሷ እንደ ሹመት ተቀበለችው። አልፎ አልፎ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ያ ቸፍ የሚል ድምፅ ከደጇ ይሰማታል። ዝናብ የቀረበት ዓመት መጥቶ የዙሪያው መንደር አህያውን ጭኖ ውኃ ፍለጋ ሲሄድ የቡርቃ ሌንጫ ታንከር እስከ መጨረሻው አልደረቀም። ከዚያ በኋላ ስሟን እንዲሁ የሚጠራ ጠፋ፤ ለትልቁም ለትንሹም «አዴ ሰዓዲያ» ሆነች።

ታዲያ ዘመን መጣና ውኃው በየግቢው ገባ። ቦኖው ዛገ፤ ቁልፉ የሚከፍተው ነገር አጣ። ሰዓዲያ ግን ጠዋት ጠዋት ከልማድ ተነስታ ደረቁ ቦኖ አጠገብ ትቆም ነበር። ሰው ካያት «እያለፍኩ ነው» ትላለች። ወዴት እንደምታልፍ የጠየቃት የለም።

መብራቱ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር እስከ ገለምሶ መድረሱ ከታወቀ ቆይቷል፤ ወደ ቡርቃ ሌንጫ ለመሻገር ግን ገደሉ አላስደፈረውም። እናም አንድ ድርጅት ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ተዳፋት ላይ የሶላር ሰሌዳዎች በረድፍ ተተከሉ፤ አጠገባቸው ነጭ የብረት ቤት ቆመ፤ ከዚያ ምሰሶዎች ወደ ከተማው ወረዱ። ሥራውን የሚመራው ጌዲዮን ነው፤ ሰዓዲያ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያለች የምትጠራት የጭሮ ልጅ፣ በኤሌክትሪክ የተመረቀ፣ ሲያስረዳ እጁ የማያርፍ ወጣት። ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበ።

«ይሄ ማይክሮግሪድ ይባላል» አለ። «ትልቁ መስመር ከሩቅ ግድብ ተነስቶ ስንት ተራራ ዞሮ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ ምሰሶ ከወደቀ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ይሄኛው ግን እዚሁ ፈልቆ እዚሁ የሚጠጣ ነው። ቀን ሶላሩ ከፀሐይ የሚያገኘውን በቀጥታ ትጠቀሙበታላችሁ፤ የተረፈው ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማታ ከባትሪው ይወጣል። ኢንቨርተር የሚባለው ሳጥን ደግሞ ኃይሉን ቤታችሁ ያለው ዕቃ ወደሚስማማው ዓይነት ይለውጠዋል። አንድ ቀን ትልቁ መስመር ከደረሰ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ያኛው ሲጠፋ ይሄኛው ተለይቶ ለብቻው ይሠራል።»

«ወፍጮ ያዞራል?» አለ ሙሜ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ድምፁ ከወፍጮው የማያንስ ሰው።

«ያዞራል።»

«አልሐምዱሊላህ! በናፍጣ ጭስ ሳንባዬ ምጣድ ሆኖልሃል።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር ሰዓዲያ ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ነው፦ ይጠራቀማል።

የመብራት ኮሚቴ ይመረጥ ሲባል ሽማግሌው ጂብሪል በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። «ያ ጀማዓ፣ መብራት የሚያልቅ ነገር ነው አሉን። የሚያልቅ ነገር ለማን ይሰጣል?»

«ለአዴ ሰዓዲያ!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ። ያቺ በግማሽ ሰላም የምትላት ሴት እንኳ እጇን አወጣች።

ጌዲዮን የማከፋፈያውን ሳጥን ቁልፍ ሲያስረክባት «ይህ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው፣ እማማ ሰዓዲያ» ብሏታል። ሰማችው። ግን ቁልፍ በእጇ ይዛ ሳትቆልፍ መዋል ከተፈጠረች ጀምሮ አታውቅበትም። ጌዲዮን ወደ ጭሮ በተመለሰ በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ለብቻው መስመር ካለው ከጤና ኬላው በቀር ከተማውን በሙሉ ቆለፈችው። መግሪብ ሲደርስ ትከፍታለች፤ እስከዚያ ይጠራቀም።

ባየች ከሻይ ቤቷ እየሮጠች ወጣች። የሃይማኖታቸው መለያየት አግዷቸው የማያውቅ የድሮ ጓደኛሞች ናቸው።

«ሰዓዲያ! አዲሱ ፍሪጄ ሞተ!»

«አልሞተም፤ ተኝቷል። ቀን ምን ያደርግልሻል?»

«ለስላሳ ያቀዘቅዝልኛላ!»

«ለስላሳ በማታ ይጠጣ።»

«በማታ ማን ይሞቀዋል፣ አንቺ ሴትዮ?»

«እንግዲያው ምን ማቀዝቀዝ አስፈለገሽ?» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

እዚህ ላይ ስለ በርጫ መናገር ግድ ይላል፤ ያለ በርጫ የዚህች ከተማ መብራት ታሪክ አይገባም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ የቡርቃ ሌንጫ ወንድ ጫቱን በብብቱ ይዞ ወደ ሙሜ ሳሎን ይሄዳል፣ ትራስ ተደግፎ ጋደም ይላል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ድንጋይ በምታነድበት ሰዓት ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ መንጋጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ኋላ ምርቃናው ሲመጣ ዕቅድ ይወጣል። በዚያ ሳሎን ውስጥ ስንት ድልድይ ተሠርቷል፣ ስንት ፎቅ ቆሟል። ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሁሉም ብድግ ይላል፤ ያኔ በከተማው ውስጥ ሰነፍ ሰው አይገኝም። በያጁ ወደ ብየዳው፣ አናጢው ወደ መሰርሰሪያው፣ ሙሜ ወደ ወፍጮው።

መግሪብ ላይ ሰዓዲያ ትከፍታለች። ከተማው ቦግ ይላል፤ ሕፃናት እልል ይላሉ፤ ቴሌቪዥን ያለው ቴሌቪዥኑን ያስጮኻል፤ ወፍጮው ይነሳል፤ ብየዳው ብልጭ ይላል። ከዚያ ድርግም።

በማግስቱም ድርግም። በሳልስቱም።

ሰዓዲያ ነገሩ ገባት፤ ቁጠባው አንሷል ማለት ነው። ቤት ለቤት ዞራ «ለሁለት ሰው ሁለት አምፖል? የምትፈልጉት ነገር ጠፍቷችኋል?» እያለች አምፖል አስፈታች። ያ በተደረገ ማታ መብራቱ ጭራሽ ቀድሞ ጠፋ፤ ሙሜ በዚያን ዕለት የበቆሎ ጭነት መጥቶለት ነበር።

«አዴ፣ ቀኑን ሙሉ የሰበሰብሽው የት ገባ?» አላት በሰው ፊት። «ከሻሽሽ ሥር ነው?»

«ወፍጮህ ሆድ ውስጥ ነው፤ ገብተህ ፈልገው።»

«ወላሂ ይሄ ቁልፍ ከአንቺ እጅ መውጣት አለበት! የውኃ ሰው መብራት ምኑን ያውቃል? ኮሚቴው ይጠራ! እኔ እይዘዋለሁ።»

ከቆመው ሰው አንዳንዱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ድሮው ሙሜን የሚቃወም አልተነሳም። ሰዓዲያ ይህን ዓይነቱን ነገር ታውቀዋለች። ቁልፉን ጨብጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ቦኖው ሄዷል። ይህኛውም ከሄደ ጠዋት ተነስታ የምታልፍበት ቦታ እንኳ የላትም፤ በዚህች ከተማ ውስጥ ሰው የሚፈራት፣ የሚጠብቃት፣ የሚያማት ሰዓዲያ አትኖርም። አንዲት አሮጊት ትኖራለች እንጂ።

ከስብሰባው በፊት ጌዲዮን ከጭሮ መጣ። በቀጥታ ወደ ነጩ ቤት ወጣ፤ ሰዓዲያም ተከተለችው።

«እማማ ሰዓዲያ፣ ቀን ቀን መስመሩን የሚዘጋው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ደረቷን ነፍታ።

ጌዲዮን ራሱን አከከ። በሩን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ያለች፣ ቁጥር የሚበራባት ትንሽ መስታወት አሳያት። «ይህን አዩት? ባትሪው ሞልቷል።»

«ሞላ? ገና አራት ሰዓት እኮ ነው!»

«ቀን የሚጠቀም ስለሌለ ቶሎ ይሞላል።»

«ማሻአላህ። ታዲያ ከአሁን ወዲያ የምትወጣዋ ፀሐይስ የት ትጠራቀማለች?»

«የትም። ሶላሩ ከዚህ በላይ አይቀበላትም። ትፈሳለች።»

«ምን አልከኝ?»

«ትፈሳለች አልኩዎት። ታንከር ሞልቶ በአፉ እንደሚፈስ ውኃ ማለት ነው።»

ሰዓዲያ በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሰማዩን ቀና ብላ አየችው፤ ፀሐይዋ እንደ ጉድ ትፈሳለች። እድሜዋን ሙሉ አንድ ጣሳ መሬት እንዲነካ ያልፈቀደች ሴት!

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንግዲህ... እርስዎ መቆለፍ ከጀመሩ ጀምሮ።»

«አስተግፊሩላህ» አለች፣ ለራሷ። ቆይታ ደግሞ «የማታውስ? ሞልቶ ካደረ ለምን ይጠፋል?»

«ባትሪው ታንከር ነው፤ ኢንቨርተሩ ቧንቧ ነው። ታንከሩ ምንም ቢሞላ ቧንቧው በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው ልክ አለው። ከተማው በሙሉ በአንድ ሰዓት ጄሪካኑን ሲደቅንበት እንዳይቃጠል ራሱን ይዘጋል።»

ይህን ሳይጨርስላት ገባት። የጄሪካን ሰልፍ ለማን ይነገራል?

በዚህ መሀል የጌዲዮን ስልክ ጮኸ፤ እናቱ ከጭሮ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም! የሆነ ቦታ መስመር ወድቋል አሉ። አንተ ያለህበትስ?»

«እዚህ አለ፣ እማዬ።»

«እዚያ ገጠር?»

«እዚህ ገጠር።»

 «ስልኬን ቻርጅ እንድታደርግልኝ ልላክልህ እንዴ?» አሉ ሴትየዋ፤ እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አልታወቀም። ሰዓዲያ ግን የማከፋፈያውን ሳጥን በኩራት መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ከፈተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንም አልተቆለፈም።

ከጁምዓ በኋላ ስብሰባው ተጠራ። ምክንያቱም ሳጥኑ ቀን ክፍት ከሆነም በኋላ ማታ ማታ ድርግም ማለቱ አልቀረም፤ ሙሜም ይህንን ይዞ ተነሳ።

«ሰዎች፣ ፍረዱ!» አለ። «ይህች ሴትዮ ቀኑን ሙሉ እየቆለፈች ወፍጮዬን አስራበች። መብራት ለሥራ ነው የመጣው ወይስ ለማደሪያ? ቁልፉን ለሚሠራ ሰው ስጡት!»

«ይሰጠው!» አሉ የሳሎኑ ጓደኞቹ።

ጌዲዮን ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጠዋት ከፍ ይላል፣ ቀትር ላይ ገደል ይገባል፣ ወደ ማታ እንደ ተራራ ይነሳል። «ይሄ ሳጥኑ ክፍት ሆኖ የዋለበት ጊዜ ነው» አለ። «መስመሩ ከተማው የተጠቀመው ኃይል ነው። ተራራው ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋባችሁ። አለቆቼ አዲስ አበባ ሆነው አይተውት 'መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ወይ? ከሰዓት በኋላ ከተማው ሞቷል' ብለው ደወሉልኝ።»

«ምን አልካቸው?» አሉ ጂብሪል።

ጌዲዮን እግሩን አየ። «ማኅበራዊ ፕሮግራም አለ አልኳቸው።»

ሰዓዲያ ወደ ወረቀቱ ተጠግታ ጣቷን ገደሉ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ጉድጓድ ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ። ይሄ የሙሜ ሳሎን ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ባየች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሙሜ፣ ቀን ክፈቺ አልከኝ» አለች ሰዓዲያ። «ይኸው ክፍት ነው። ፀሐይዋ በሙሉ ያንተ ናት፤ ፍጭ! ማታ ደግሞ ወፍጮም ብየዳም ያርፍና ሰው እራቱን እያየ ይብላ።»

«በበርጫ ሰዓት?» አለ ሙሜ፣ አባቱ ቀብር ላይ እንዲፈጭ የተጠየቀ ይመስል። «አቦ አዴ፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ ሞተር ነኝ?»

«ፀሐይዋ ያንተን ምርቃና አትጠብቅም።»

«ልጁን ጠይቁት! ሌላ ዘዴ የለም?»

«አለ» አለ ጌዲዮን፤ «ትልቅ ኢንቨርተርና ተጨማሪ ባትሪ መግዛት። ያ ግን ታሪፋችሁ ላይ ይመጣል።» ግቢው አጉረመረመ። «የተቀረው ዘዴ ከባዱን ሥራ ፀሐይ ወዳለችበት ሰዓት ማዛወር ነው። አዴ ያሉት ማለት ነው።»

ጂብሪል ዱላቸውን አነሱ። «ነገሩ ግልጽ ነው። የወፍጮና የብየዳ ሥራ በቀን ይሁን። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ በርጫ ቤት ገብቶ 'ተነሱ' የሚላቸው ሰው ማነው? ቁልፉ ለዚያ ሰው ነው።» ወደ ሙሜ ዞሩ። «አንተ ትፈልገው አልነበር? ያዘው።»

ሙሜ ጓደኞቹን አየ። ጓደኞቹም አዩት፤ ስንት ዓመት ትራስ የተካፈሉ ሰዎች ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ያን ጊዜ የወዳጅ አልነበረም። በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንኳን... ለሰላም ብዬ ነው እንጂ» አለ ሙሜ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወፍጮው አንሶ። «ቁልፍ ምን ያደርግልኛል።»

«ሌላ የሚፈልግ አለ?»

የለም። እጅ አውጡ ሲባል ሴቶቹ ሁለት ሁለት እጃቸውን አወጡ፤ ወንዶቹም፣ ከሥራው ለመዳን፣ አንድ አንድ። ቁልፉ ሰዓዲያ እጅ ቀረ። ከፍቅር ይልቅ በፍርሃት የተገኘ ድምፅ ነው፤ እሷ ግን ከድሮም በየትኛው እንደምትኖር ታውቃለች። ፊቷ ላይ የታየው ፈገግታ የሙሽራ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ የሳሎኑን መጋረጃ ገልጣ ቆመች። «አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም... መጣችልህ» አለ አንዱ ከትራሱ ሥር።

«ሙሜ፣ ተነስ! ፀሐይዋ እየፈሰሰች ነው።»

«ኧረ በረቢ፣ ገና ጉንጬ አልሞላም!»

«መንገድ ላይ ሙላው።»

ሙሜ ጫቱን ታቅፎ እያጉረመረመ ወጣ። ያለ እሱ ጨዋታው ደረቀ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይተው ጓደኞቹም ተከተሉት፤ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ከከረጢቶቹ መሀል ተደገፉ። ሙሜ በአንድ ጉንጩ እየቃመ ይፈጫል፤ እነሱ በወፍጮው ጩኸት ላይ እየጮኹ ድልድይ ይሠራሉ። ሲመሽ የቡርቃ ሌንጫ ቃሚ በሙሉ ቅንድቡ በዱቄት ነጭቶ፣ በአንድ ከሰዓት ሃያ ዓመት አርጅቶ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቶቻቸው በአምፖል ብርሃን በደንብ አዩአቸው፤ መብራቱ እስኪተኙ ድረስ አልጠፋም ነበርና።

ለሰዓዲያ የከበዳት የወንዶቹ ጉዳይ አልነበረም። ጌዲዮን ሲሄድ «ሴቶቹንም ይንገሩልኝ፤ ቀን በደንብ ይጠቀሙ፣ አይቆጥቡ» ብሏት ነበር። እሺ ብላለች። ቤት ለቤት ዞረች። «ልብስ የምትተኩሱ በቀን ተኩሱ» አለች። «ውኃ የምታፈሉ በቀን አፍሉ» አለች። እዚያ ድረስ ወጣላት። «አትቆጥቡ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ታስልና ትሄዳለች። ባየች ቤት ስትደርስ ግን እንደ ምንም ተንፍሳ አወጣችው።

«ባየች፣ ቀን ቀን... አትቆጥቢ።»

ባየች የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ምን አልሽ? ድገሚልኝ እስቲ።»

«አልደግምም።»

ባየች እየሳቀች ሄዳ ፍሪጁን ሰካች፤ ማራገቢያውን ሰካች፤ ራዲዮኑን ከፈተች። በመጨረሻም በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ሳለ፣ ጣራው ላይ ያለውን አምፖል ቦግ አደረገችው።

«ይሄ ደግሞ ምን ይሁንልሽ ነው?» አለች ሰዓዲያ።

«አትቆጥቢ አላልሽም?»

«ይህን አላልኩም!»

«ትፈስ የለም ወይ? ይኸው እየጠጣኋት ነው።»

ሰዓዲያ እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጌዲዮን ያሳያትን አስታወሰች፤ ባትሪው አሁን ሞልቷል፤ ብታጠፋው የሚተርፍ ነገር የለም። አእምሮዋ ያውቀዋል። እጇ አያውቀውም። ሁለቱ እንዲህ ሲታገሉ ባየች ብርጭቆዋን ይዛ ትመለከታታለች።

በመጨረሻ ሰዓዲያ በርጩማ ሳበችና አምፖሉ ሥር ትክክል ቁጭ አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከበራ አይቀር ሰው ይቀመጥበት። የሚለቀም ምስር አለሽ?»

«ትናንት ለቅሜ ጨርሻለሁ።»

«የተለቀመውን አምጪው» አለች ሰዓዲያ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ እንደምትጠብቅ ሆና። «በዚህ ብርሃን አይተሽው አታውቂም።»